የማን ስፌት ነው

አት-ባሺ፣ የእሑድ ገበያ፤ ገና ጎህ ሲቀድ፣
በግ ይጮኻል፣ መኪና ይጮኻል፣ ጭቃው ያንሸራትታል በረዶው ሲናድ።
«ኡስታ፣ አንተ እየው» አለችኝ የፖስታ ቤቷ ሰይዴ፣
«እኔ ቆዳ ካብረቀረቀ ይባባል ሆዴ።»
ልጇ አሥራ አራት ሞላው፤ ዘንድሮ መንጋ ይዞ ተራራ ይወጣል፣
ፈረሱ አለ። ገደሉም አለ። መቀመጫው ግን ከየት ይመጣል?

ሻርሸን በመኪናው አፍንጫ ላይ ዘርግቶታል፣
የበግ ስብ ቀብቶ፣ በአሮጌ ካልሲ ወልውሎ አሳምሮታል።
«ስምንት ሺ ሶም። የአባቴ ነው፣ ከኮልሆዝ ዘመን፤
በዓመት አንዴ ለሠርግ እንጂ ማን ጭኖት፣ ማን?»

እኔ አፉን አልሰማም። ኮርቻ በጣት ነው የሚነበብ፤
ዓይን ቀለም ያያል፣ ጣት ያገኛል የተደበቀ ሰበብ።

ገለበጥኩት። ከሆዱ ጀመርኩ፣
ላብ ጨው ሆኖ የደረቀበትን በጥፍሬ ጫፍ ቆነጠርኩ።
ቀመስኩት። አዎ፣ እቀምሳለሁ፤ ይስቁብኛል ልጆቹ።
የብዙ በጋ ጨው ነው፤ የሠርግ አይደሉም ግልቢያዎቹ።
የግራው እርካብ ጠፍር ከቀኙ ረዝሟል በሁለት ጣት፤
የወጣበት ሰው ከባድ ነበር፣ ወይ አንድ እግሩን ያመው ነበር ምናልባት።
የሆድ ማሰሪያው ዘለበት ዝጓል፤ እሱስ ይለወጣል፣
ግን ቀዳዳው ወደ ቀዳዳ ሮጦ ሊገናኝ ይቃጣል።
ሱፉን ገለጥኩ። ነጭ ፀጉር ተሰክቶበታል፣ በአንድ ወገን ብቻ።
«ነጭ ነበር ፈረሱ?» «ዳማ» አለኝ።
ዳማ ነጭ የሚያበቅለው ገጣባው ሲሽር ነው፤ በልቶታል ይህ ኮርቻ።

ከዚያ አንዱን ጫፍ ጭኔ ላይ፣ አንዱን ደረቴ ላይ አድርጌ አቀፍኩት፣
እንደሚያለቅስ ልጅ ወደ ውስጥ ጨመቅኩት።
ጤነኛ እንጨት ዝም ነው፤
የተሰበረ ነው እንደ በር የሚያቃስተው።
ሲጥ አለ።
አንዴ። ቀስ ብሎ። ምስጢር እንደሚያወጣ ሰው።

ጣቴ ስንጥቁን ፍለጋ ከፊት ቁልቁል ወረደ፤
ከቆዳው ሥር ቆርቆሮ፣ አራት ምስማር። ልቤ ራደ።
ቆርቆሮውን የሸፈነ ስፌት፣ በሰም የታሸ ክር፣
ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ደግሞ ሦስት አጭር።
ግማሽ አውራ ጣት ያለው ሰው ካልሆነ ማንም እንዲህ አያሳጥር።

የእኔ ነው።

ዘጠኝ ክረምት አለፈው። ማታ ነበር የመጣው፣ በግማሽ በግ ሥጋ፤
«አጥንቱን ተወው፤ ላዩን አሳምረው፣ ዓይን እንዳይወጋ።»
አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ፤ እኔ ዳውላውንም ፈራሁ፣
ልጆቼን አየሁ፣ ሥጋውን አየሁ፣ ቆዳ ወጥሬ ሠራሁ።

ሻርሸን የሱፍ ቆቡን ወደ ግንባሩ ሳበ፤
«እህ፣ ኡስታ? ጤነኛ ነው በላታ!» ከንፈሩ ላይ ሳቅ አንዣበበ።
የሚያውቀውን አውቃለሁ፤ የማውቀውን ያውቃል፤
መሐላችን የሰይዴ መሐረብ ገንዘብ ቋጥሮ ይጠብቃል።

«አትግዢው» አልኳት።
«ለምን?»
«ተሰብሯል። ልጅሽ ቁልቁለት ሲወርድ ለሁለት ይከፈላል።»
«በምን አወቅህ? ላዩ እኮ ደህና ይመስላል።»
«ስፌቱን አውቀዋለሁ።»
«የማን ስፌት ነው?»

በግ ጮኸ። ከኋላችን አንዱ የላም ዋጋ ሰምቶ ተሳደበ።
ጎዶሎ አውራ ጣቴን ስፌቱ ላይ አሳረፍኩት። ልክ ነበር።
ሰይዴ አየች፤ ጣቴን፣ ሻርሸንን፣ እንደገና ጣቴን፤
ልትሰድበኝ ነው ብዬ ቀበርኩ አንገቴን።

መሐረቧን ፈታች። ቆጠረች። የቀረውን መልሳ ቋጠረች።
«ሦስት ሺ፤ ለቆዳውና ለእርካቡ» አለች።
ሻርሸን ምራቁን ተፋ። ተቀበለ።
ወደ እኔ ዞረች፤ «አጥንቱን አውጥተህ አዲስ ትሠራለህ። በስንት?»
«በነፃ።»
«በነፃማ አይሆንም» አለች፣ «ገንዘቤን ካልበላህ
ሲሰበር ማንን እይዛለሁ?»

ዋጋ ነገርኳት። አልተከራከረችም።
ኮርቻውን ትከሻዬ ላይ ጣልኩት፤
ጭቃውን እየረገጥኩ፣ በየእርምጃው፣
ሲጥ አለ፤ ሲጥ።