ከአራት መቶ ጫማ በታች

አባቴ በጆሮው ነው መኪና የሚነዳ፤
ሐረጎ ቁልቁለት ላይ፣ ከኋላው መቶ ኩንታል፣ ከጎኑ የገደል ዕዳ፣
ቴፑን ዝም ያሰኛል፣ ረዳቱን ዝም ያሰኛል፣
ለኤንትሬው ሆድ ዕቃ አንገቱን ዘንበል አርጎ ያደምጣል፤
“ሦስተኛው ኖዝል ያስላል።”
ኮምቦልቻ ወርደው ሲፈቱት እውነትም ሦስተኛው ነው፤
የዘይቱ ጌጅ ግን ከሞተ ዓመቱ፣ መርፌው የተኛው እዚያው ነው።

እኔ ልጁ ዘሐራ በዓይኔ ነው የምበር፤
ከፊቴ ጥቁር መስተዋት፣ መስተዋቱ ላይ ክብ፣ ክቡ ላይ አረንጓዴ ድንበር፤
የግራው ሞተር ጉልበት፣ የቀኙ ሞተር ጉልበት፣
የጋዙ ትኩሳት፣ የዘይቱ ግፊትና ሙቀት፣
ሁለት ሁለት ሆነው፣ ትከሻ ለትከሻ፣ እንደ መንታ፤
እኩል ካዩ አልጠይቃቸውም፤
አንዱ ካፈነገጠ ዓይኔ ይይዘዋል ባንዳፍታ።

ደህና ሲሆን ዝም ይላል። የዚህ ቤት ደንብ ነው።
ነጭ ጽሑፍ ከታች ይመጣል፤ “እወቁኝ” ብሎ ያልፋል፤
ቢጫ ጎንተል ያደርጋል፣ በአንዲት ደወል፣ “ስትችሉ እዩኝ” ይላል፤
ቀይ ግን ከሁሉ በላይ ይቀመጣል፤
“አሁን!” ይላል።
ቁልፉን ስትጫነው ጩኸቱ ይበርዳል፤ ፊደሉ ግን አይበርድም፤
ነገሩ መላ እስኪያገኝ ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

ሲሙሌተር ክፍል ውስጥ አንድ ደንብ ነበር፣ ስሰማው የተናደድኩበት፤
ከሰማንያ ኖት ወዲያ፣ አራት መቶ ጫማ ወጥተን እስክንረጋበት፣
ማሽኑ ትንሹን ወሬ ይውጠዋል፤
ቢጫው እያለ ቢጫው አይበራም፤ ደወሉም ምላሱን ይነክሳል።
“ለምን ይደብቀናል?” አልኩት አሠልጣኜን።
“አይደብቅሽም፤ ያቆይልሻል” አለኝ።
“አሁን ቢነግርሽ ትደነግጫለሽ፤ ብትደነግጪ ትስቻለሽ፤
እጅሽ ሲፈታ ትሰሚያለሽ።”
ወሎዬ ነኝ፤ ገባኝ።
እኛ አገር መርዶ ለመንገደኛ አይነገርም፤
ጫማውን ሳያወልቅ፣ ውሃ ሳይቀምስ፣ “እገሌ…” አይባልም።

ኅዳር፣ ሐሙስ ሌሊት። ለበረራ ስነሣ ለእናቴ ደወልኩላት፤
“አባዬስ?” ብላት፣ “ተኝቷል” አለችኝ።
ድምፅዋ አጠረብኝ፤ ኔትወርክ መሰለኝና ሌላ አልጠየቅኋት።

ጧት ጉም ጦሳን ጠምጥሞት፣ ከቦርከና በላይ ወረድን ተጠንቅቀን፤
መርፌዎቹ መንታ፣ ክቦቹ አረንጓዴ፤ አንድ ፊደል የለም የሚያስጨንቀን።
ሐረጎ ከሩቅ ታየኝ፤ መኪኖች እንደ ጉንዳን ተያይዘው ሲወርዱ፤
አንዱን ለአባቴ ሰጠሁት፣ ከነረዳቱ፣ ከነሸራው፣ ከነገመዱ።

ቆምን። የግራውን ዘጋን፣ የቀኙን ዘጋን። ቁጥሩ ቁልቁል ፈሰሰ፤
የዘይቱ ግፊት ወደቀ፤ ቀዩ በራ።
ልማዱ ነው፣ ሞተር ሲቆም ይበራል፤ ማንም ዓይኑን ወደሱ አልመለሰ።
ከአጥሩ ወዲያ ግን አጎቴ ሙህዬ፤ አጠገቡ ሦስት ሽማግሌ፤
እጃቸው ወደ ኋላ ታስሮ፤ ማንም አላወዛወዘልኝ እንደ ሁሌ።

ለካ ከሌሊቱ ዘጠኝ ጀምሮ ሰፈር ሙሉ ቀዩን በምላሱ ይዞ ቆይቷል፤
ለካ እናቴ አልዋሸችም፤
ተኝቷል።

“ቼክሊስት” አለ ካፒቴን መርዕድ። አነበብኩ። አንድ መስመር አልዘለልኩም፤
ነዳጅ፣ ዝግ። ባትሪ፣ ዝግ። የማን ድምፅ እንደሆነ እንጃ፣ የኔን አይመስልም።
መስተዋቱ ጠቆረ። ፕሮፔለሩ ብቻ በገዛ ክብደቱ ሲዞር፣
ሲዘገይ፣ ሲያስል፣
አንገቴን ዘንበል አድርጌ አዳመጥኩት፤ እስኪቆም፤ እንደ ሹፌር።

ከዚያ ቀበቶዬን ፈታሁ።
እጄ ተፈታ።