ማረሻ ቁጥር ሰባት

አሥራ ዘጠኝ ክረምት ያረስኩት በረዶ፣
አልበቀለም አንዳች፤ ቀልጦ ሄደ ተንዶ።
አሁን በማሟያ ምርጫ፣ በዊኒፔግ፣ ለምክር ቤት ወንበር ስነሳ፣
ባንቺጊዜ ሳቀች፦ «መቀመጥ አንሶህ ነው?
ስትነዳ ተቀምጠህ አይደል ወገብህ የሳሳ?»

ዛሬ አንኳኳሁ፣ ሃምሳ ሁለት በር፤
ስለ ትልቅ ነገር የጠየቀኝ አልነበር።
ወይዘሮ ኦሌና፣ ሰልከርክ ጥጉ ላይ፣
«ያንን ክምር» አለች፣ «አየኸው ወይ?
መንገዱን ጠርጋችሁ ቁልሉን እኔ በር!
አውቶቡስ ሲመጣ በምን ልሻገር?»
ዝም አልኩ። ያን ቁልል የከመረው እጅ፣
ድምፅ ሊለምን ቆሟል፣ ይኸው፣ ከሷው ደጅ።

ማታ በጀት ገለጥኩ፣ አራት መቶ ገጽ።
ሁለት ሚሊዮን ለፏፏቴ፣ ላደባባይ ቅርጽ።
ለእግረኛ መንገድ ጠረጋ «እንዳምናው» ይላል፤
አምናን ብፈልገው «እንደ ካቻምናው» ተብሏል።
ካቻምናን አውቃታለሁ፤ ነዳጅ ተሰፍሮልኝ፣
«ዋና ዋናውን ብቻ!» ብለው ያሰማሩኝ።
የቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ ተሰርዟል፤
የልጆቹ መዋኛ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ፣ «ይጠናል» ተብሎ ተይዟል።

«ቀረጥ ሳይጨመር ሁሉም ይጠረጋል» ይላል ወረቀቴ፤
ያሳፍረኝ ጀመር፣ እዚያ ላይ ፈገግ ያለው ፊቴ።
እርሳስ አነሳሁ።
«ሁሉም» የሚለውን ሰረዝኩ፣
በምን እንደምተካው ግን እስካሁን አላወቅሁ።

ውጭ በረዶ ጣለ። ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
ያ ቁጥር ሰባት መጣ፣ መስኮቱን አናጋኝ።
ድምፁን ለየሁት፤ ድምፅ ግን አልሰጠኝ፤
ቁልሉን እኔም በር ላይ አራግፎ ተወኝ።