ስም የሌለው ልክ

በጥር፣ ጠባሴ ላይ፣ ውርጩ መስታወቱን በደጅ ሲያነጥፍ፣
ደብረ ብርሃን በሙሉ አንገቱን ቀብሮ በሱቄ ሲያልፍ፣
በሬን ቆልፌ እግሬን ለብ ካለ ውሃ ስነክር
አየሁት፤ ከግራው ውስጥ እግሬ ላይ፣ ጥቁር።
ጭቃ መስሎኝ ፈተግኩት። የገበር ቀለም ነው አልኩ።
በሎሚ፣ በጨው፤
ምንም አልለወጠው።

እናቴ ጉንጬ ላይ ያለችውን ነጥብ በጣቷ እየነካች
"ማርያም ስማሽ ነው" ትለኝ ነበር፤ ነፍሷን ይማርና አልዋሸች።
ግን እመቤቴ ጎንበስ ብላ ውስጥ እግር ትስማለች?
በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ ማንም ሳያየው፣
በየት በኩል ገብቶ ይህን ማን ሳመው?

ሰው ሲጨንቀው የለመደውን ነው የሚይዘው።
ሜትሬን ካንገቴ አውርጄ ለካሁት። አራት ሚሊ ሜትር።
የልክ መዝገቤ ላይ ባዶ መስመር ፈልጌ አሰፈርኩት፤
ከበላዩ ንጋቱ፦ ካፖርት፣ ትከሻ አርባ ስድስት፤
ከበታቹ ባፈና፦ የሙሽራ ቀሚስ፣ ወገብ ሰባ፣ ባለ ጥልፍ አንገት፤
በመሃል ስም የሌለው ልክ፣ ቀብድ ያልተከፈለበት።

በየቅዳሜው ለካሁ። መብራት ሲኖር በመብራት፣
ሲጠፋ በስልኬ ባትሪ።
አንዳንዴ አራት ነው። አንዳንዴ አምስት።
ሜትሩ ነው እላለሁ፤ አርጅቷል፤ ጨርቅ ሲለካ ኖሮ ላልቷል።
እጄ ነው እላለሁ፤ ብርድ ነው፤ ይንቀጠቀጣል።
ጠርዙ ግን (ጠርዝስ አውቃለሁ፣ እንጀራዬ በጠርዝ ነው)
አንደኛው ወገን ቅምቅማቱ የተፈታ፣ ክሩ የተተወ ነው።

ለማንም አልነገርኩ። "አንዲት ደንበኛዬ አለች" ብዬ ግን ጠየቅኩ።
የመድኃኒት ቤቱ ልጅ "ትምጣና ትታይ" አለ።
የብርድ ልብስ ፋብሪካው ዘበኛ "የአጎቴም እግር እንዲህ ነበር" አለ።
"ታዲያስ?" አልኩት።
ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበና
"ነበር" አለ።

ጸሎተ ሐሙስ ለት፣ መምሬ ገብረ ጻድቅ ነጭ ፎጣ ታጥቀው፣
በወይራ ቅጠል የሰዉን እግር ሲያጥቡ፣ እኔ ዘንድ ደርሰው
ቀኙን ብቻ ሰጠሁ።
"ግራሽንም፣ ልጄ።"
"ቁስል አለው፣ አባ።" ዋሸሁ።
ቁስልማ ቢሆን ያማል፤ ጮኾ ይነግረኛል፤
ይሄ ዝም ያለ ነው። ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር
እኔ ከላይ እሰፋለሁ፣ እሱ ከታች ይሰፋል።
አባ አልመረመሩኝም። ቀኙን ደግመው አጠቡት።

ዳግም ትንሣኤ እንዳለፈ ሆስፒታል ሄድኩ።
ሐኪሟ ልጅ ናት፤ የጋውኗ ሁለተኛ ቁልፍ ላልቷል፣ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል፤
ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ፣ እሷ በብረት ማስመሪያ ስትለካኝ።
"ስድስት" አለች።
ስድስት! ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው አልብሻለሁ፤ አንድም እጅጌ አላጠረብኝ።
"መቼ ጀመረ?" መዝገቤን ከዘንቢሌ አወጣሁ።
ገለበጠች። ካፖርት። ዩኒፎርም። የሙሽራ ቀሚስ።
ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ። "ይሄስ የማን ነው?"
"የደንበኛዬ" አልኩ፣ እንደ ልማዴ።
ከዚያ እንባዬ ቀደመኝና፣ "የኔ።"

ቆርጣ ወሰደች፤ ምስር የማታክል። ሁለት ጊዜ ወጋችኝ፤
ስፌቷ ተራርቋል፤ ምንም አልተናገርኩ።
በብልቃጡ ላይ ስሜን ጻፈች፦ እታለማሁ ጥላዬ።
አዲስ አበባ ይሄዳል አለች፤ ሦስት ሳምንት።
ስወጣ "ቁልፍሽን ስጪኝና ላጥብቅልሽ" አልኳት። ሳቀች። ሰጠችኝ።

አሁን በቀኝ እግሬ ነው የምረግጠው፤ ማሽኑ አልለመደም፣ ያነክሳል።
ከበሬሳ ማዶ የበልግ ደመና ቆሟል፤ አይዘንብ፣ አይሄድ።
የባፈና ቀሚስ ቅምቅማት ይቀረዋል።
ውጤቱ ማክሰኞ ነው፤ ሰርጓ እሑድ።
እሑድ ይቀድማል።