ሰባት ቁጥር

ቅዳሜ ይመጣሉ ከአልማቲ ከተማ፣
ባለ ድንኳን፣ ባለ ከሰል፣ ባለ አዲስ ጫማ፤
የቻሪንን ገደል በስልክ ሰብስበው፣
እሑድ ይመለሳሉ አሸዋ አራግፈው።
እኔ ቦታጎዝ፣ ቁልፍ እሰጣለሁ፣
አንሶላ አጥባለሁ፣
"ሙቅ ውኃ እስከ ምሽቱ ሦስት ነው" እላለሁ፤
የበሩን ማስታወቂያ በጣቴ አሳያለሁ፦
ከሸለቆው ድንጋይ ይዞ መውጣት ክልክል ነው።
ያነቡና ይስቃሉ። ገደል ማን ይሰርቃል?

ማክሰኞ ነበረ፣ ሰው በሌለበት ቀን፣
አንድ ሽማግሌ መጣ፣ ስሙ ቱሌገን።
የፊተኛው ልጅ ሞቶ ሌላ ሲተካበት፣
በኛ አገር እንዲህ ነው ስም የሚያወጡለት፤
ካሳ እንደ ማለት።

ሰባት ቁጥርን ያዘ፣ ወንዙ ዳር ያለችውን፣
ነፋስ በሯን ሌት ተቀን የሚያላጋባትን።
"ሌላ ልስጥዎ?" ስል፣ "ይቺን ተዪኝ" አለ።
ሸለቆውን ዞረ፣ ዞሮም አስተዋለ፤
ዱላው እየቀደመ፣ እግሩ እየዘገየ፣
ዕቃ እንደ ጠፋው ሰው ግድግዳውን አየ።

ሲመሽ፣ ሱሪውን ሰቅሎ፣ እግሩን ወንዝ ውስጥ ነክሮ፣
የፈረስ ቋሊማ በላ፣ ለእኔም ድርሻ ቆጥሮ።
"ጂኦሎጂስት ነበርኩ፤ እዚህ ስቆፍር
እናትሽ አልነበረች" አለኝ፣ "በምድር።"
ከዚያ ወዲያ ዝም።
ሲያወራ ያደረው ወንዙ ብቻ ነበር።

ጠዋት ሄዷል። አልጋውን ራሱ አንጥፏል፤
ትራሱ ላይ ግን አንድ ድንጋይ ተቀምጧል፣
ዝገት የመሰለ፣ የቡጢ ያህል፣
ጀርባው ላይ በነጭ ቀለም "አርባ አንድ" የሚል።
ከሥሩ ወረቀት፦
"ሃምሳ ዓመት ሙሉ በመስኮቴ አኖርኩት፤
ከየት እንዳነሣሁት ግን ረሳሁት።
አንቺ መልሺልኝ።"

ሦስት ቀን በባልዲ ይዤው ዞርኩ፣
ቀዩን ከቀይ ጋራ፣ ስንጥቁን ሁሉ ለካሁ፤
አንዱ ይሰፋዋል፣ ሌላው ይጠበዋል፤
ይህን ሁሉ ገደል አንድ ድንጋይ ምን ያጎድለዋል?
ማን "የኔ ነው" ይላል?

ዓርብ ነፋስ ተነሣ። በሯ ጓ! አለ፣ ጓ!
ባልዲዬን አስቀመጥኩ፤
አርባ አንድን አንሥቼ በሩን አስደገፍኩ።
ዝም አለች ጎጆዋ።

ቅዳሜ አንዲት ሕፃን አገላብጣ አየችው፤
"ሌሎቹ አርባስ?" አለችኝ፣ "ማን ወሰዳቸው?"
ለእናቷ ቁልፉን ሰጠሁ።
ሙቅ ውኃ፣ አልኩ፣ እስከ ምሽቱ ሦስት ነው።