አሞራ ገደል፣ ድብ ስንጠብቅ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ አሞራ ገደል በር፣
ልጄ ከጥበቃው ጋር ቆማ ስትከራከር፤
የፊደል መጽሐፏን ገልጣ፣ በጣቷ ነክታ፣
«ይህ፣ ካፖርት የለበሰው፣ የት ነው?» አለች፣ ሽቅብ አይታ።

«ድ» ካለው ፊደል ሥር፣ ቡናማ፣ ጠጉራም፣
በረዶ ላይ የቆመ፣ ብቸኛ፣ ኩራተኛም።

ዳንጊሶ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ሳቀ፤
«ድብ የለንም» ሊል አፉን ከፈተና ከዐይኗ ተጠነቀቀ።
«ካልቸኮላችሁ» አለ፣ «ቁጭ በሉ ከዋርካው ሥር፤
እዚህ ግቢ አውሬ አይጠራም፤ ይጠበቃል በክብር።»

ተቀመጥን።

መጀመሪያ ጦጣ መጣ፤ ሙዟን ከእጇ ነጥቆ ሄደ፤
ሶስና ደብተሯ ላይ «ሌባ፦ አንድ» ብላ ጻፈች፤ ፍርዱም እዚያው ተፈረደ።
ከላይ ከቅጠሉ ጉሬዛ ብቅ አለች፣ ልጇን አቅፋ ነበር፤
እሷ ጥቁር በነጭ፣ ልጇ ነጭ ብቻ፣ ቀለም እንዳልነካው የመስከረም ደብተር።

አባ ኮዳዎቹ ከዓሣ ገበያው ዳር ተኮልኩለው፣
ጡረታቸው የዘገየባቸው መላጣ ጸሐፊዎች መስለው፣
የቆሮሶ አንጀት ሲጣል አንዴ ክንፍ ይዘረጋሉ፤
ከዚያ ደግሞ ዝም። ምንም እንዳልበላ ሰው አርቀው ያያሉ።

«አባባ፣ ድቡስ?»
«ይመጣል» አልኳት።
ዋሸሁ።

ይገርማል፤ ቃሉ አለን፣ ድቡ የዳዊትን በግ ሊነጥቅ ከመጣ ጀምሮ፤
አውሬው ግን የለንም። ስሙ ብቻ፣ እንደ ባዶ በረት፣ ታጥሮ።
ስንት አለ ደግሞ ከጆሯችን ሥር የሚያዜም፣ ስም ያላወጣንለት፣
«ወፍ» ብለን ያለፍነው፣ ቀና ለማለት እንኳ ጊዜ ያጣንለት።

«ያቺን ነው?» አለ ዳንጊሶ፤ በሲዳምኛ ጠራት፣ ቀስ ብሎ፣ ሁለቴ።
ደግሜ ልለው ስል ምላሴ ላይ ተሰበረ፤
ሃያ ዓመት ሐዋሳ ኖሬ፣ እንግዳ ሆንኩ በቤቴ።

ጀምበር ወደ ማዶ አዘነበለች። ሰዉ ሳሳ።
የዓሣ ቅርፊት መሬቱ ላይ እንደ ሳንቲም አበራ፤ ማንም አላነሳ።

ጀልባዎቹ ሞተር አጠፉ። ደንገሉ ውስጥ አንድ ነገር ተነፈሰ፤
ሰፊ፣ እርጥብ ትንፋሽ፣ ከተቀመጥንበት ድንጋይ ድረስ የደረሰ።
መጀመሪያ ጆሮ፣ ሁለት፣ ትንንሽ። ከዚያ ዐይን። ከዚያ ግንባር።
ከዚያ አንድ ሙሉ ጀርባ፣ ውሃው እየወረደለት፣ ከሣሩ ዳር።

ዳንጊሶ መዳፉን ወደ መሬት ዘረጋ፤ «እንዳትንቀሳቀሱ።»
ጋጠ። የሣሩ መቀንጠስ ይሰማን ነበር፤ እንደ ጨርቅ መቀደድ ድምፁ።

ሶስና ክንዴን ጨበጠች። በሹክሹክታ፣ ፊቷ እየበራ፦
«ድቡ ነው፤ ካፖርቱን አውልቆ መጣ። ሞቆት ነዋ፣ እኛ ሐገር ሲመጣ።»

ሁለት ትልልቅ ሰዎች ነበርን። አላረምናትም።

በእጅ ባትሪ ብርሃን ዳንጊሶ መዝገቡን ሞላ፦ «ጉማሬ፦ አንድ። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ተኩል።»
እሷም ሞላች፦ «ድ፦ አንድ።» እርሳሷ ደንዝዞ ነበርና ፊደሉ ወፈረ፣
እግሩ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ሣሩ ተሻገረ።

ባጃጁ ውስጥ እንቅልፍ እየጎተታት፣ ጭንቅላቷን ጎኔ ላይ ጥላ፣
«ግን አባባ» አለች፣ «እሱ ራሱ ስሙን ያውቃል?»

ሾፌሩ በመስታወት አየኝ።
የታቦርን ጥግ ዞርን።