ደቻቱ ላይ፣ መቶ ሃምሳ ስምንት

ከንጋቱ አሥራ አንድ፣ ከዚራ ሳይነቃ፣
የትናንቱ ወበቅ ከግንቡ ወጥቶ ሳያበቃ፣
ቀበቶውን አጠብቃለሁ ከደረቴ ሥር፤
በምራቄ አርሼ፣ ልቤን እንዲያናግር።
ሁለተኛ እጅ ነው፣ በጅቡቲ ዞሮ የመጣ፤
የማን ልብ እንደለካ፣ ያ ልብ የት እንደወጣ
አላውቅም።

ከዚያ በፊት መለኪያችን ሮብሌ ነበር፤
ሁለት ጣቱ ከመንጋጋችን ሥር፣ ዓይኑ ከኪስ ሰዓቱ፣
አሥራ አምስት ሰከንድ፣ በአራት ማባዛቱ፣
ከባቡር ጥገና ይዞት የወጣው ነው ትዕግሥቱ።
«ሞተርና ሰው አንድ ነው» ይላል፤ «የሚፈላ ሁሉ ይለካል፤
ያልተለካ ግፊት ዳገት ላይ ያዋርዳል።»

ሕጉም አጭር ነው፦
«እስከ መቶ ሠላሳ ወሬ ማውራት ይቻላል፤
እስከ መቶ ሃምሳ አጭር መልስ ይበቃል፤
መቶ ሰባ ሁለት ላይ ስምሽን ብቻ ታውቂያለሽ፤
ከዚያ በላይ ብድር ነው፣
ወለዱን ሐረር ሳትደርሺ ትከፍያለሽ።»

ከዚያ ደንገጎ።
የጫት አይሱዙ ከላይ የሚወረወርበት፣
ጡሩምባው ቀድሞ ጎማው የሚከተልበት።
ትርሲት ከኋላዬ ናት፤ ነፋሱን የምቀበል እኔ፣
ለሷ ጉልበት የምቆጥብ ከራሴ ጎኔ።
መቶ ስድሳ አራት። መቶ ስድሳ ዘጠኝ።
ላቡ ከአገጬ ቱቦው ላይ ይንጠባጠባል።
መቶ ሰባ አንድ፤
ቁጥሩን እንደ እንቁላል ይዤ ኩርባውን እዞራለሁ፤
ጫፉ ላይ ገለል እልና «ሂጂ!» እላታለሁ።
ትሄዳለች።
የሐረርን በር እሷ ታያለች።
እኔ ልቤን ወደ መቶ አሥር እያወረድኩ፣
ከሐረማያ ወዲህ፣ ጥላ ሥር፣ ሙዝ እበላለሁ።
ደሞዜ ይኼ ነው። አልተከፋሁም።

አንድ ማታ ሮብሌ የሳምንቱን መስመር ዘርግቶ፣
ጣቱ ሄዶ ሄዶ ቆመ፣ የሚለውን አጥቶ።
«ሚስኪ፣ ይኼ ምንድነው? ሰኞም፣ ረቡዕም፣ ዓርብም በዚሁ ቦታ፤
ዳገት የለ፣ ነፋስ የለ፣ ደቂቃ ለማትሞላ ቆይታ፣
መቶ ሃምሳ ስምንት!
ቀበቶው ተበላሽቶ ይሆን?»
«ይሆናል» አልኩት።

ቀበቶው አልተበላሸም።
ደቻቱ ነው። ድልድዩ ነው።
አሁን አሸዋ ብቻ ነው፤ ፍየል ያቋርጠዋል፣
ልጆች በሁለት ድንጋይ ጎል ሠርተው ይራገጡበታል።
ያን የነሐሴ ሌሊት ግን ውሃው መጣ ሳይጠራ፤
እኛ ጋ አልዘነበም፣ የዘነበው ከተራራ።
ሙራድ ስድስት ዓመቱ፣ እኔ ዘጠኝ፤
እጁ በእጄ ነበረ።
እጄ ቀረ።

እግሬ ይኼን አያውቅም፤ ፔዳሉን እኩል ይመታል፤
ልቤ ግን እዚያ ሜዳ ላይ
ደንገጎን የሚያክል ይወጣል።

ምንም አልነገርኩትም።
ግን ሮብሌም የዚችው ከተማ ሰው ነው፤
ያን ሰሞን ማን ማንን ሲፈልግ እንደከረመ ያውቃል።
በማግሥቱ ድልድዩ ጋ ስደርስ
ሁሌ ከኋላ የሚከተለኝ አሮጌ ሞተሩ
ድንገት ቀደመኝ፤
ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ሆኖ፣ ዞር ብሎም ሳያየኝ፣
እስከ ማዶ ተቀበለልኝ።
መቶ ሃምሳ አንድ።

ማታ መዝገቡን ገልጬ አየሁ፤
ከዚያ ሜዳ ላይ፣ በእርሳስ፣ በጥገና ቤት ጽሕፈቱ፦
«ዳገት።»