ፍሬን

ከሌሊቱ ስምንት፣ መብራቱ ሳይጠፋ፣
ጦይባ ኮዷን ጫነች፤ ሰርቨሩ ተከፋ።
በኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ በር የቆሙት ሾፌሮች
ተራ የሚይዙባት ገጽ ነጭ ሆና ቀረች።
ስልኳ ጮኸ።
አላነሳችውም። አንዲት መስመር ጻፈች፣
የትናንቱን ቅጂ መልሳ አስነሳች፤
ወረፋው ተገኘ፣ ታርጋው በየስሙ፣
ሾፌሮቹ ዳግም ጎማ ሥር ተጋደሙ።

በመስኮቷ ማዶ፣ ከሐረጎ ጫፍ ላይ፣
የከባድ መኪና መብራት ሲጥመለመል ስታይ፣
ሻይዋ በረደባት።
ይመር፣ የሷ አባት፣
በዚያው ቁልቁለት ላይ ፍሬን የከዳው ለት፣
ስሚንቶ እንደጫነ በእግሩ የፈለጋት፣
ወዳለፈው ኩርባ
የምትመልስ ፔዳል አልተሠራችለት።

ጠዋት አለቃዋ፣ «ሌሊት ምን ነበረ?»
ቢላት፣
«ፍሬን ነው» አለችው፤ «ይዞልን አደረ።»